የቀትር ጥላ እንደ ቦታ ማስረጃ፦ የጥላና የመዓልት ርዝመት አኃዞችን በኢትዮጵያ ኬክሮስ መመርመር

አኅጽሮተ ጥናት

በጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኙ የጥላና የመዓልት ርዝመት አኃዞች አንዳንድ ጊዜ ጽሑፉ የተዘጋጀበትን አገር ለመወሰን በማስረጃነት ይቀርባሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ማስረጃ የሚጸናው አኃዙ ከሰማይ የተለካ እንጂ በወግ የተወረሰ ቀመር አለመሆኑ አስቀድሞ ሲረጋገጥ ብቻ መሆኑን ማሳየት ነው። ለዚህም የመጽሐፈ ሄኖክ የሥነ ፈለክ ክፍልና የላቲኑ ጸሐፊ የፓላዲዩስ የጥላ ሠንጠረዥ በምሳሌነት ተመርምረዋል። በመጨረሻም ኢትዮጵያ በምትገኝበት ኬክሮስ ላይ ብቻ የሚታዩ የጥላ ምልክቶች ተለይተው፣ የግእዝ የጥላ ሠንጠረዦችን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚያገለግሉ አራት የመመርመሪያ ጥያቄዎች ቀርበዋል።

1. መግቢያ

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 የሲሲሊን ከተማ ካታንያን በያዙ ጊዜ፣ ከዚያ ያገኙትን የፀሐይ ሰዓት ወደ ሮም አምጥተው በአደባባይ እንዳቆሙት ፕሊኒ ጽፏል። ሰዓቱ የተሠራው ለካታንያ፣ ማለትም ለ37 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ኬክሮስ ነበር፤ ሮም ግን በ42 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የሰዓቱ መስመሮች ከሮም ፀሐይ ጋር አልተስማሙም። ያም ሆኖ ሕዝቡ 99 ዓመት ያህል በዚያው ሰዓት ሲመራ ቆይቶ ለከተማዋ የሚስማማ ሌላ ሰዓት የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ጥላን ተከትሎ ሰዓት የሚናገር መሣሪያ ሁሉ የተሠራበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይዞራል። ሁለተኛ፣ ሰዎች ለሌላ ቦታ የተዘጋጀን የሰዓት ሥርዓት፣ ስሕተቱ በየቀኑ እየታየም፣ ለረጅም ዘመን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የመጀመሪያው ቁም ነገር ተመራማሪውን ያበረታታዋል፤ በጽሑፍ የተገኘ የጥላ አኃዝ የጽሑፉን አገር ሊጠቁመው ይችላልና። ሁለተኛው ግን ያስጠነቅቀዋል፤ አኃዙ የተጠቀሰበት አገርና አኃዙ የተለካበት አገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን እ.ኤ.አ. በ1821 ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሪቻርድ ሎረንስ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከተገለጸው የረጅሙ መዓልት መጠን በመነሣት ደራሲው ከ45 እስከ 49 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ባለ አገር ይኖር ነበር የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ስሌቱ በራሱ ስሕተት አልነበረበትም። ድምዳሜው ግን ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ትክክለኛ ስሌት ወደ ስሑት ድምዳሜ እንዴት ሊመራ እንደቻለ መረዳት፣ ተመሳሳይ አኃዞችን ለሚመረምር ሁሉ አስፈላጊ ነው።

አንድ የቃል ማብራሪያ አስቀድሞ ያስፈልጋል። በባሕረ ሐሳብ «ኬክሮስ» የዕለት 1/60ኛ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ በዘመናዊው የጂኦግራፊ ትርጉሙ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን የማዕዘን ርቀት ለመግለጽ ብቻ ገብቷል።

2. የቀትር ጥላ ስሌት

ፀሐይ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የምትርቅበት ማዕዘን «ዝንባሌ» ይባላል። ይህ ማዕዘን በመጋቢት 11 እና በመስከረም 13 ገደማ ዜሮ ነው፤ በሰኔ 14 ገደማ 23.44 ዲግሪ ሰሜን፣ በታኅሣሥ 12 ገደማ 23.44 ዲግሪ ደቡብ ይደርሳል። በቀትር ጊዜ ፀሐይ ከአናት የምትርቅበት ማዕዘን የቦታው ኬክሮስ ከፀሐይ ዝንባሌ ጋር ያለው ልዩነት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ የሚጥለው የቀትር ጥላ ደግሞ የዘንጉ ቁመት በዚህ ማዕዘን ታንጀንት ተባዝቶ የሚገኘው ርዝመት ነው።

ስለዚህ ከሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ከዕለቱ፣ ከቦታውና ከጥላው፣ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛውን ያገኛል። ዕለቱንና ጥላውን የሚያውቅ ቦታውን፣ ቦታውንና ጥላውን የሚያውቅ ደግሞ ወቅቱን ያሰላል። ቀጥሎ ያለው ሠንጠረዥ በዚህ ቀመር የተሰላ ሲሆን፣ የ100 ሴንቲ ሜትር ዘንግ የቀትር ጥላ በሴንቲ ሜትር የሚታይበት ነው። «ሰ» ጥላው ወደ ሰሜን፣ «ደ» ወደ ደቡብ መውደቁን ያመለክታል።

ሠንጠረዥ 1፦ የቀትር ጥላ ርዝመትና አቅጣጫ

| ቦታ | ኬክሮስ (ሰሜን) | ታኅሣሥ 12 | መጋቢት 11 | ሰኔ 14 |
|---|---|---|---|---|
| ሮም | 41.9 | 218 ሰ | 90 ሰ | 33 ሰ |
| እስክንድርያ | 31.2 | 141 ሰ | 61 ሰ | 14 ሰ |
| አክሱም | 14.1 | 77 ሰ | 25 ሰ | 16 ደ |
| አዲስ አበባ | 9.0 | 64 ሰ | 16 ሰ | 26 ደ |
| ሞያሌ | 3.5 | 51 ሰ | 6 ሰ | 36 ደ |

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው በሮምና በእስክንድርያ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ርዝመቱም ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ሳያቋርጥ እያጠረ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ግን ሁኔታው ከዚህ የተለየ ነው።

3. የኢትዮጵያ ኬክሮስ ምልክቶች

ኢትዮጵያ በሙሉ የምትገኘው በምድር ወገብና በሰሜኑ የፀሐይ መመለሻ መስመር መካከል ነው። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በእያንዳንዱ የአገሪቱ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች። በአዲስ አበባ ይህ የሚሆነው በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ገደማ ነው፤ በአክሱም በሚያዝያ 20 እና በነሐሴ 8 ገደማ፣ በሞያሌ ደግሞ በመጋቢት 20 እና በመስከረም 3 ገደማ ነው። በእነዚህ ዕለታት ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ የለውም። በሁለቱ ዕለታት መካከል ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ይህ ጊዜ በአዲስ አበባ አራት ወር ተኩል ያህል ይቆያል።

ከዚህ የመጀመሪያው ምልክት ይወጣል። በኢትዮጵያ የቀትር ጥላ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዜሮ ይሆናል፤ በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ደግሞ እንደገና ይረዝማል። በአዲስ አበባ የሰኔ 14 የቀትር ጥላ ከመጋቢት 11 ጥላ ይበልጣል። በሜዲትራንያን ዙሪያ ካሉ አገሮች በአንዱም ይህ አይታይም።

ሁለተኛው ምልክት የመዓልት ርዝመት ነው። የአየር የብርሃን ስብረትና የፀሐይ ክበብ ስፋት ሳይታሰቡ፣ የአዲስ አበባ ረጅሙ መዓልት 12 ሰዓት ከ32 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። የአክሱም ረጅሙ መዓልት 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ረጅሙ ለአጭሩ ሲካፈል በአዲስ አበባ 1.09፣ በአክሱም 1.15 ይሆናል። በሮም ግን ረጅሙ መዓልት 15 ሰዓት ያህል፣ አጭሩ 9 ሰዓት ያህል ስለሆነ ውጤቱ ወደ 1.7 ይጠጋል።

ይህ ልዩነት በሰዓት አቆጣጠር ላይም ይታያል። በጥንቱ ዓለም መዓልት በየወቅቱ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፈል ስለነበር፣ የአንዱ ክፍል ርዝመት ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በሮም እንዲህ ያለው ወቅታዊ ሰዓት በታኅሣሥ 45 ደቂቃ፣ በሰኔ 75 ደቂቃ ያህል ነው። በአዲስ አበባ ግን ከ57 ደቂቃ አያንስም፣ ከ63 ደቂቃም አይበልጥም። ከንጋት ተነሥቶ 12 ሰዓት የሚቆጥረው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሜካኒካዊው ሰዓት እኩል ሰዓታት ጋር ሳይጋጭ አብሮ ሊሄድ የቻለበት የሥነ ፈለክ መሠረት ይህ ነው።

4. የመጽሐፈ ሄኖክ አኃዝ

የመጽሐፈ ሄኖክ የሥነ ፈለክ ክፍል ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ነው። መጽሐፉ በሙሉ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የዚህ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። በምዕራፍ 72 እንደተገለጸው ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆች ትገባለች። መዓልትና ሌሊት በድምሩ በ18 ክፍሎች ይከፈላሉ፤ በረጅሙ ዕለት መዓልቱ 12፣ ሌሊቱ 6 ክፍል ነው። በሚስተካከሉበት ዕለት ለየራሳቸው 9 ክፍል ይደርሳቸዋል። ለውጡም በየወሩ አንድ ክፍል እየሆነ ይሄዳል።

የ18ቱ አንድ ክፍል 80 ደቂቃ ስለሆነ ረጅሙ መዓልት 16 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በዘመናዊ ስሌት 16 ሰዓት የሚረዝም መዓልት የሚገኘው በ49 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ነው። ሎረንስ ያገኘውም የላይኛው ወሰን ይኸው ነው። የእርሱ ድምዳሜ ያረፈው አኃዙ በደራሲው አገር የተለካ ነው በሚል ግምት ላይ ነበር። ይህ ግምት ግን በሁለት ምክንያት አይጸናም።

አንደኛው ምክንያት የለውጡ ቅርጽ ነው። በእውነተኛው ሰማይ የመዓልት ርዝመት የሚለዋወጠው በእኩል መጠን አይደለም፤ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉባቸው ወራት ፈጣን፣ በሰኔና በታኅሣሥ ግን እጅግ ዘገምተኛ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን በየወሩ ያለው ለውጥ እኩል አንድ ክፍል ነው። እንዲህ ያለው እኩል አካሄድ የቀመር እንጂ የልኬት ጠባይ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት አኃዙ ቀደም ብሎ በሌላ አገር መገኘቱ ነው። የ2 ለ1 ንጽጽር ሙል አፒን በሚባለው የመስጴጦምያ የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ይህ ንጽጽር ለባቢሎንም ቢሆን አይስማማም፤ በባቢሎን ኬክሮስ ረጅሙ መዓልት 14 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ያህል ስለሆነ እውነተኛው ንጽጽር 1.43 ገደማ ነው። ስለዚህ አኃዙ ከየትኛውም ሰማይ በቀጥታ የተለካ ሳይሆን፣ ለሒሳብ ምቹ ተደርጎ የተቀመረና ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የተላለፈ ነው። የሚናገረውም ጽሑፉ የተጻፈበትን ኬክሮስ ሳይሆን፣ የእውቀቱን የትውልድ ሐረግ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አኃዙ ዋጋ ቢስ መሆኑን አያሳይም። ሎረንስ ጥያቄውን ለሰማይ አቀረበ፤ አኃዙ ግን መልስ ያለው ስለ ቅብብሎሽ ለሚጠየቅ ጥያቄ ነበር። የተለካ አኃዝ የቦታ ማስረጃ ሲሆን፣ የተወረሰ አኃዝ ደግሞ የግንኙነት ማስረጃ ይሆናል። የተመራማሪው የመጀመሪያ ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

5. የፓላዲዩስ ሠንጠረዥና የሐሰት መመሳሰል

ሁለተኛው ምሳሌ የጥላ ሠንጠረዥ ነው። በሮም ግዛት መጨረሻ ዘመን የኖረው ፓላዲዩስ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ በየወሩ መጨረሻ ላይ የጥላ ርዝመት በጫማ ተሰጥቷል። ወራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ ለጥርና ለታኅሣሥ ከተባሉት የሮማ ወራት ጋር የተሰጡት ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ሰዓት ያሉ አኃዞች 29፣ 19፣ 15፣ 12፣ 10 እና 9 ናቸው። ለሰኔና ለሐምሌ አቻ ወራት የተሰጡት ደግሞ 22፣ 12፣ 8፣ 5፣ 3 እና 2 ናቸው። የቀትሩ ጥላ በክረምቱ ጫፍ 9፣ በበጋው ጫፍ 2 ጫማ ነው ማለት ነው።

የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ሲለካ ከ6 እስከ 7 ያህል ይሆናል። ቁመቱ 6 ጫማ ነው ቢባል፣ የበጋው 2 ጫማ 42 ዲግሪ ገደማ ላለ ቦታ፣ ማለትም ለሮም ይስማማል። የክረምቱ 9 ጫማ ግን 33 ዲግሪ ገደማ ላለ ቦታ የሚስማማ ነው። የአንዱ ሠንጠረዥ ሁለት ጫፎች ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያመለክታሉ።

ቁመቱ ያልታወቀ ነው ተብሎ ሁለቱ የቀትር ጥላዎች ብቻ ቢነጻጸሩ ደግሞ የበለጠ አሳሳች ውጤት ይገኛል። 9 ለ2 ሲካፈል 4.5 ነው። ከሰሜኑ የፀሐይ መመለሻ መስመር በስተሰሜን ባለ በማንኛውም ቦታ የሁለቱ ጫፎች የቀትር ጥላ ንጽጽር ከ6.4 አያንስም፤ በጫፎቹ ዕለታት ፋንታ የወራቱ አማካይ ዝንባሌ ቢወሰድ እንኳ ከ5 በላይ ነው። ስለዚህ 4.5 በመላው የሜዲትራንያን ዓለም ሊገኝ አይችልም። ይህ ንጽጽር የሚገኘው ጥላ አቅጣጫውን በሚቀይርበት ሞቃት ክልል ውስጥ፣ በ13.8 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ነው። ይህም ለአክሱም እጅግ የቀረበ ነው።

ተመራማሪው በዚህ ነጥብ ላይ ቢያቆም የላቲኑን ሠንጠረዥ ከሰሜን ኢትዮጵያ የመጣ ነው ሊለው ይችላል። ሆኖም ሁለት ቀላል ፍተሻዎች ይህን መመሳሰል ያፈርሱታል። የመጀመሪያው የቁመት ፍተሻ ነው። በ13.8 ዲግሪ ላይ የታኅሣሥ ጥላ የቁመቱ 0.76 እጅ ስለሆነ፣ 9 ጫማ ጥላ የሚጥለው ሰው ቁመቱ 12 ጫማ ያህል ሊሆን ይገባል፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሁለተኛው የወራት ቅደም ተከተል ፍተሻ ነው። በአክሱም የቀትር ጥላ በሚያዝያ ዜሮ ደርሶ በሰኔ እንደገና ይረዝማል፤ በፓላዲዩስ ሠንጠረዥ ግን ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለማቋረጥ ያጥራል።

የሠንጠረዡ ምስጢር በሰዓታቱ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በክረምቱም ሆነ በበጋው ከሰዓት ወደ ሰዓት ያለው ቅናሽ 10፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ነው። እውነተኛ ጥላ በየወሩ አንድ ዓይነት ልዩነት ሊኖረው አይችልም። ሠንጠረዡ የተሠራው የቀትሩን ጥላ ለየወሩ አስቀምጦ በላዩ ላይ አንድ ቋሚ ደረጃ በመደመር ነው። ይህም እንደ ሄኖክ አኃዝ ሁሉ ቀመር መሆኑን ያረጋግጣል።

6. ለግእዝ የጥላ ሠንጠረዦች የቀረቡ ጥያቄዎች

በግእዝ የባሕረ ሐሳብ ስብስቦች ውስጥ የጥላ ሠንጠረዦች ይገኛሉ። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን አንሥቷል። የብራና ጽሑፎች ፎቶግራፍ እየበዛ በሄደ ቁጥር እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች በተመራማሪዎች እጅ መግባታቸው አይቀርም። ከላይ ከታዩት ሁለት ምሳሌዎች በመነሣት በማንኛውም ሠንጠረዥ ላይ በቅደም ተከተል ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የሰዓታቱ ልዩነት ከወር ወር ይለወጣልን? ካልተለወጠ ሠንጠረዡ ቀመር ነው፤ ከእርሱ ኬክሮስ ማስላት አይገባም።

ሁለተኛ፣ የታኅሣሥ የቀትር ጥላ ስንት ጫማ ነው? ቁመት ከ6 እስከ 7 ጫማ ከሆነ፣ ከሞያሌ እስከ አክሱም ባለው ክልል ይህ ጥላ ከ3 እስከ 5 ጫማ ተኩል ባለው ውስጥ ይወድቃል። በእስክንድርያ ከ8 ጫማ ተኩል እስከ 10 ጫማ ይደርሳል። በግእዝ ሠንጠረዥ ላይ 8 ወይም 9 ጫማ ቢገኝ አኃዙ ከሰሜን የመጣ ቅርስ ነው።

ሦስተኛ፣ አጭሩ የቀትር ጥላ በየትኛው ወር ነው? በሰኔ ብቻ ከሆነ አኃዙ ከኢትዮጵያ ሰማይ የተወሰደ አይደለም። በኢትዮጵያ የተለካ ከሆነ አጭሩ ጥላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ እና በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ መታየት አለበት።

አራተኛ፣ ስለ ጥላው አቅጣጫ የተባለ ነገር አለን? ጥላ ወደ ደቡብ መዞሩን የሚጠቅስ አንድ መስመር፣ አኃዝ ባይኖረው እንኳ፣ ከብዙ አኃዝ የበለጠ የቦታ ማስረጃ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ሊታይ ስለማይችል ነው።

የእነዚህ ጥያቄዎች አቅም የት እንደሚያበቃም መታወቅ አለበት። በሙሉ ጫማ የተጻፈ አኃዝ እስከ ግማሽ ጫማ ሊሳሳት ይችላል። ቁመቱ 6 ጫማ ለሆነ ሰው የግማሽ ጫማ ስሕተት በቀትር ጥላ ላይ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ፣ ማለትም ከ350 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የኬክሮስ ስሕተት ያመጣል። ስለዚህ የጫማ ሠንጠረዥ ኢትዮጵያን ከእስክንድርያ ሊለይ ይችላል፤ ጎንደርን ከላሊበላ፣ ወይም ላሊበላን ከአክሱም ለመለየት ግን አያገለግልም። ከዚህ አቅም በላይ የሚሄድ ድምዳሜ የሎረንስን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል።

7. በመስክ የሚደረግ ማረጋገጫ

ከላይ የቀረቡት ስሌቶች በቀላል መሣሪያ ሊረጋገጡ ይችላሉ። በተስተካከለ መሬት ላይ የ1 ሜትር ዘንግ በቱንቢ ተስተካክሎ ይተከላል፤ በእግሩ ዙሪያ ክብ ይሠራል። ከቀትር በፊት የጥላው ጫፍ ክቡን የነካበት ነጥብ፣ ከቀትር በኋላም እንደገና የነካበት ነጥብ ምልክት ይደረግባቸዋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ማዕዘን ለሁለት ሲከፈል የሰሜንና የደቡብ መስመር ይገኛል። ጥላው በዚህ መስመር ላይ ሲያርፍ ቀትር ነው፤ በዚያን ጊዜ ያለው ርዝመቱ ኬክሮሱን ይሰጣል። የፀሐይ ክበብ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ይሆናል። በጫፉ ላይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የቦታ ስሕተት ያስከትላል፤ ይህ ግን ከጫማ ልኬት እጅግ የተሻለ ነው።

በሌሊት የሰሜኑን ኮከብ ከፍታ በመለካት ኬክሮስን ማግኘት በሰሜን አገሮች የተለመደ ነው፤ ከፍታው ከቦታው ኬክሮስ ጋር ይቀራረባልና። በአዲስ አበባ ግን ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በሰሜን በኩል ያለው የእንጦጦ ተራራና የአድማስ ጭጋግ ልኬቱን ያስቸግራሉ። ስለዚህ በኢትዮጵያ የቀትር ጥላ ከሌሊቱ ልኬት ይልቅ ምቹ ነው።

የምሥራቅና የምዕራብ ቦታ፣ ማለትም ኬንትሮስ፣ የሚገኘው ከጥላው ርዝመት ሳይሆን ቀትር ከሆነበት ሰዓት ነው። ምድር አንድ ዲግሪ የምትዞረው በ4 ደቂቃ ነው። የአገሪቱ ሕጋዊ ሰዓት የ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን የሚከተል ሲሆን፣ አዲስ አበባ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ ቀትር በአማካይ በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። በጅግጅጋ ወደ 6 ሰዓት ከ9፣ በጋምቤላ ወደ 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ የምድር ምሕዋር ሞላላነትና የዘንግዋ ማዘንበል የሚያመጡት ልዩነት ይታከላል፤ በአዲስ አበባ የፀሐይ ቀትር በጥቅምት 24 ገደማ በ6 ሰዓት ከ9፣ በየካቲት 4 ገደማ ደግሞ በ6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሆናል። ይህን የ30 ደቂቃ ልዩነት ሳያርም በሰዓቱ 6 ሰዓት ላይ ጥላ የሚለካ ሰው ቀትርን ሳይሆን ሌላ ጊዜ ለክቷል። ዘመናዊ ልኬትን ከብራና ሠንጠረዥ ጋር ለሚያነጻጽር ተመራማሪ ይህ እርማት የግድ ያስፈልጋል።

8. ማጠቃለያ

ጥላ ሰዓትንና ቦታን አንድ ላይ ይናገራል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ስለዚህ በጽሑፍ የተገኘ የጥላ ወይም የመዓልት አኃዝ የቦታ ማስረጃ የመሆን አቅም አለው። ይህ አቅም ግን የሚሠራው አኃዙ ከተለካ ብቻ ነው። የመጽሐፈ ሄኖክ 2 ለ1 ንጽጽር ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ደራሲውን ወደማይኖርበት አገር ወሰደው፤ የፓላዲዩስ ሠንጠረዥ ደግሞ በሁለት አኃዝ ብቻ ቢመዘን የላቲኑን እርሻ ወደ አክሱም ሊያመጣው ይችል ነበር። በሁለቱም ስሕተቱን የሚገልጠው የአኃዞቹ አካሄድ ነው፤ እኩል ደረጃ ያለው ለውጥ የቀመር ምልክት ነው።

ኢትዮጵያ የምትገኝበት ኬክሮስ ለዚህ ምርመራ የተለየ እድል ይሰጣል። ጥላ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠፋበትና ወራት ሙሉ ወደ ደቡብ የሚወድቅበት አገር ስለሆነ፣ በዚህ ሰማይ ሥር የተለካ አኃዝ ከሜዲትራንያን ከተገለበጠው በግልጽ ይለያል። በብራናዎቹ ውስጥ ያሉት ሠንጠረዦች በአራቱ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሲፈተሹ፣ የትኞቹ ሊቃውንት በቅብብሎሽ የተረከቡትን እውቀት እንደጠበቁ፣ የትኞቹ ደግሞ በገዛ ደጃቸው የቆመውን ጥላ እንደለኩ መለየት ይቻላል። ሁለቱም የኢትዮጵያ የእውቀት ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ የሚጻፉት ግን በተለያየ ምዕራፍ ነው።